ነጎድጓድ የሚያስበረግገው ውሻ

በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ብዙ ውሻ ይንቀጠቀጣል፣ ያለከልካል፣ አልጋ ሥር ይገባል። አንዳንዱ ገና ሰማዩ ሲጠቁር መረበሽ ይጀምራል።

ታስሮ የሚውለው የግቢ ውሻስ የት ይደበቅ?

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የውሻ ቤት በረዶ ሲወርድበት ጩኸቱን ያባብሳል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ፈትቶ ቤት ማስገባት ይቀድማል። መጋረጃ መዝጋትና ሬዲዮ መክፈት ይረዳል፤ ከመረጠው ጥግ ጎትቶ ማውጣት ግን አይገባም።

“ካባበሉት ይለምድበታል” የሚባለው ልክ አይደለም። ማሻሸት ፍርሃትን አያባብስም፤ የሚያባብሰው ቁጣና ዱላ ነው።

በበጋ የተቀዳ የነጎድጓድ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጎ እያሰሙ ሥጋ መስጠት ቀስ በቀስ ያለማምዳል። ራሱን እስኪጎዳ ለሚደነግጥ ውሻ የእንስሳት ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ፤ የሰው ማስታገሻ ግን ሊመርዘው ይችላል።