በሲሪንቃ የተነሣ ጥያቄ

ባለፈው የጥቅምት ወር ከቤተ ሰባችን ጋራ ከወልድያ ወደ ማታ ተነሥተን በመርሳ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፥ የመኪናችን ጎማ ስለ ፈነዳ ሲሪንቃ ላይ አደርን። ሲሪንቃ በየጁ አገር በሐብሩ ወረዳ በዋናው ጐዳና ላይ ያለች፥ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎሜትር የምትርቅ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ቦታ ናት። በዚያ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የማሽላን ዘር በመምረጥ የታወቀ ነው። በምዕራብ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሞአል፤ በምሥራቅ በኩል ግን ምድሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። በማለዳ ብንወጣ፥ ልጆች በማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ እየጠበቁ አየናቸው።

ለመንገዳችን አንድ የፈረንሳይ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይዘን ነበር። ደራሲው ዣን ክሪስቶፍ ግራንዤ ይባላል፤ መጽሐፉም በ2009 የታተመ ነው፤ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል)። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሙታን መናፍስት ዱር» ይሆናል። ነገሩም በፓሪስ ሴቶች እንደ ጥንት መሥዋዕት ባለ አኳኋን እየተገደሉ ስለ መገኘታቸው፥ አንዲት መርማሪ ዳኛም ገዳዩን ፍለጋ እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ ስለ መሄዷ ነው። ፍለጋውም ታሪክ ከመጻፉ በፊት ወደ ነበረው ሰው ያደርሳታል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ይህን መጽሐፍ እኛ ሳናውቅ ከሻንጣችን አውጥቶ ሌሊቱን ሲያነብ አድሮ ኖሮ፥ ቡና ሲጠጣ እንዲህ ሲል ጠየቀን። «አባባ፥ የሁላችን አባት የሆነው የጥንት ሰው ነፍሰ ገዳይና ሰው በላ ነበርን? አፅሙ የተገኘው ከዚህ ቁልቁል ባለው አገር ነው ብለውኝ አልነበረምን?»

እኛ መልሱ ጠፍቶን ዝም ብንል፥ ለቡና የመጡ አንድ ያገር ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ምስክር ተሰምቶአልን?» አሉት። ቀጥለውም፥ «ቀድሞ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይደረግ ነበር፤ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ከሬሳ አጠገብ ገዳይም ይገኛል፥ አልቃሽም ይገኛል፤ ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ ኀጢአት ነው» አሉ።

እኛም በዚህ ምክር ተመርተን የአፅሞቹን ምስክርነት ለልጃችን አንድ በአንድ ነገርነው።

በ1953 በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሬይመንድ ዳርት የሚባል ሊቅ፥ ቀደምት ዘራችን በመግደል የኖረ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ኋላ ግን ቻርልስ ብሬን የሚባል ሌላ ሊቅ በዚያው አገር የተገኘ የአንድ ልጅ ራስ ቅል ቢመረምር፥ በላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዶች ከነብር ክራንቻ ጋራ ልክ ሆነው ተገኙ። አዳኝ ነው የተባለው ታዳኝ ሆኖ ወጣ።

ወደ አገራችን ብንመለስ፥ ከሲሪንቃ በደቡብ ምሥራቅ በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ቦዶ በሚባል ስፍራ፥ በ1976 ዓለማየሁ አስፋው ከባልንጀሮቹ ጋራ ያገኘው 600,000 ዓመት ያህል የሆነው ራስ ቅል አለ። ቲም ኋይት የሚባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1986 እንደ ገለጠው፥ በዚህ ራስ ቅል ላይ ሥጋው በድንጋይ ቢላዋ የተገፈፈበት ጭረት ይታያል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢያገኝ ወዲያው በፈረደ ነበር። ነገር ግን ጭረቱ ሥጋው መገፈፉን ይመሰክራል እንጂ፥ ሰውዬው በማን እጅ እንደ ሞተ አይናገርም።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በዚያው ሸለቆ ሄርቶ በሚባል ስፍራ በ1997 የተገኙ፥ በ2003 ለዓለም የተገለጡ፥ 160,000 ዓመት ያህል የሆናቸው የሰው ራስ ቅሎች አሉ። ሊቃውንቱም «ኢዳልቱ» ብለው ሰየሙአቸው፤ በአፋርኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ከነዚህም አንዱ ብርሃነ አስፋው ተሰባብሮ ያገኘው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን ራስ ቅል ነው። በዚህም ላይ የቢላዋ ጭረት አለበት፤ ዳሩ ግን የተሰበረው ጠርዙ ለስልሶ፥ ጎኑም አብረቅርቆ ተገኘ። ይኸውም ሥጋው ከተለየው በኋላ ሰዎች በእጃቸው ደጋግመው እየያዙ አኑረውት እንደ ነበረ ያመለክታል። በኒው ጊኒ የሚኖሩ አንዳንድ ሕዝቦችም የሙታን ዘመዶቻቸውን ራስ ቅል እንዲሁ በክብር ያኖሩ እንደ ነበረ ሊቃውንቱ አስታውሰዋል።

ልጃችን ይህን ሲሰማ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያስ የያዘችው እናቱ ትሆናለች» አለ። እኛም ይህን አፅሙ ባይነግረንም አልተቃወምነውም። በአገራችን ርስት የአባት አፅም ካረፈበት ምድር ጋራ ተያይዞ አፅመ ርስት ይባላልና፥ የሙታንን አፅም መውደድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሲያነቡ ብታገኙአቸው፥ ከእጃቸው ከመንጠቅ ይልቅ ምስክሩን አብራችሁ ብትመረምሩ ይሻላል። መጽሐፉ የሚያስፈራ ገዳይ ይሰጣቸዋል፤ የአዋሽ ምድር ግን በእጅ ብዛት የለሰለሰ የሕፃን ራስ ቅል ያሳያቸዋል።

ጎማው ተበጅቶ ስንነሣ ሽማግሌውን ተሰናበትናቸው። ልጃችንም መጽሐፉን በጕልበቱ ላይ ዘግቶ፥ እስከ መርሳ ድረስ ወደ ቈላው ሲመለከት ሄደ።