ሽማግሌ ተብዬ ሄጄ ዳኛ ሆኜ ተመለስሁ

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ ምሽት የመተማው ወዳጄ ስልክ ደወለና «ከሸሪኬ ጋራ ተጣልቻለሁ፤ ሽማግሌ እንድትሆነኝ መርጬሃለሁ» አለኝ። እኔም ሳላንገራግር «እሺ» አልሁት።

አንባቢ ሆይ፤ በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደ ሸመገልሁ ቈጥሬው አላውቅም። ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፤ በአጥር የተካሰሱ ጐረቤታሞች አስማምቻለሁ፤ በውርስ የተኰራረፉ ወንድማማቾችን አንድ ማዕድ አቅርቤአለሁ። ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ማስተዛዘን፤ የበደለውን ቈጣ ብሎ፤ የተበደለውን ደግሞ «አንተም ለእኛ ስትል ተው» ብሎ መለመን፤ በመጨረሻም አሳስሞ ቡና ጠጥቶ መመለስ ነው። ይህም ከዚያ የተለየ አልመሰለኝም። ስለዚህ ነጭ ጋቢዬን ደርቤ ሄድሁ።

ስብሰባው የተደረገው በካዛንችስ፤ ሰፈሩ ሳይፈርስ ማለት ነው፤ በአንዲት የሕግ ባለሙያ ቢሮ ነበር። ሦስት ሆነን ተሰየምን። እኔን የመረጠኝ የመተማው ወዳጄ ነው፤ የመርካቶው ሸሪኩ አንድ የቅባት እህል ላኪ መረጠ፤ እኛ ሁለታችን ተመካክረን ወይዘሮዋን ሰብሳቢ አደረግናቸው። ገና ከመቀመጤ ወይዘሮዋ አንድ ወረቀት አቀረቡልኝና «ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋራ ዝምድና፤ ወዳጅነት ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለዎት እዚህ ላይ ይጻፉልኝ» አሉኝ። እኔ ሣቅሁ። «እመቤቴ፤ ባያውቀኝ ኖሮ መቼ ይመርጠኝ ነበር?» አልኋቸው። እሳቸው ግን አልሣቁም።

«በሽምግልና እንደዚያ ነው» አሉኝ። «እኛ ግን የተሰየምነው ልንፈርድ ነው።»

ምን ይደረጋል፤ ጻፍሁ። ሰውየውን 20 ዓመት አውቀዋለሁ፤ ለልጁ ሚስት ልትታጭ ስትል ቤተ ሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ሆኜ የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ገንዘብ ግን ተበዳድረን አናውቅም። የመርካቶው ነጋዴ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ «ይሁን፤ ቃወሞ የለኝም» ብሎ ፈረመበት። ያን ጊዜ በትከሻዬ ላይ ያለው ጋቢ ከበደኝ።

የሁለቱ ሰዎች ውል በ2014 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። አንደኛው ከመተማና ከአካባቢው ሰሊጥ እየገዛ ይልካል፤ ሁለተኛው አዲስ አበባ ሆኖ አበጥሮ፤ አሽጎ ለውጭ አገር ይሸጣል፤ ትርፉ እኩል ነው። በውሉ መጨረሻ ላይ «ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል አንቀጽ አለ። ይህን አንቀጽ ማን እንደ ጻፈው ብጠይቅ ሁለቱም አያውቁም። ጸሓፊው ከሌላ ውል ቀድቶ ያመጣው ነው። እነሱም እንደ እኔው «ሽማግሌ ያየዋል» ማለት መስሏቸው ፈርመዋል።

በሕጋችን ዕርቅና ግልግል ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው፤ ጎረቤታሞች እንጂ አንድ ቤት ግን አይደሉም። ይህንን የለየልኝ ወይዘሮዋ ያዋሱኝ የ2013ቱ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ነው፤ ቁጥሩ 1237 ነው። አስታራቂ ቢለፋ ቢደክም ሁለቱ ካልተስማሙ ባዶ እጁን ይመለሳል። የግልግል ዳኛ ግን አንዱ ወገን ቢያኰርፍም፤ ቢቀርም ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚሰጠውም ውሳኔ በፍርድ ቤት በኩል እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ይግባኝ እንኳ አስቀድመው በውላቸው ካልተስማሙበት የለም። እንግዲህ የመተማው ወዳጄ ስልክ ሲደውል እኔ እሺ ያልሁት ለዚህ ኖሯል!

ነገሩ ይህ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 190 ቶን ሰሊጥ ተጫነ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የውጭው ገዢ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ በውሉ ከተባለው በላይ ነው ብሎ በቶን 90 ዶላር ካልተቀነሰልኝ አልረከብም አለ። ጠቅላላው 17,100 ዶላር ይሆናል። የመርካቶው ነጋዴ ቅናሹን ተቀበለ። የመተማው ሰው ደግሞ «ሳያማክረኝ ገንዘቤን ሰጠ» ብሎ የድርሻውን ግማሽ፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሬ ወደ 460,000 ብር የሚሆነውን፤ ክፈለኝ ይላል። በዚህ ላይ 126,000 ብር የመጋዘን ኪራይ ያለ ደረሰኝ ተቀንሶብኛል የሚል ሌላ አቤቱታ አለው።

የመርካቶው ነጋዴ ለምን ተቀበልህ ተብሎ ሲጠየቅ ከገዢው ጋራ የተዋዋለበትን ወረቀት አወጣ። በቅባት እህል ንግድ ዓለም የታወቀ ፎስፋ የሚባል የሎንዶን ማኅበር አለ፤ ውሉም ክርክር በዚህ ማኅበር ደንብ በሎንዶን በግልግል ይታያል ይላል። «እኔ ሎንዶን ሄጄ ስለ ሰሊጥ ልከራከር? የጠበቃው ዋጋ ብቻ ከቅናሹ ይበልጣል» አለ።

የመተማው ወዳጄ «ይፍረዱበት ነበር! ሎንዶን የፈረደው መርካቶ ምን ያደርጋል?» ሲል መለሰለት።

ይህ አባባል ቀድሞ ቢሆን ብዙ እውነት ነበረበት። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የውጭ አገር የግልግል ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸም ከተፈለገ፤ ያ አገር የእኛንም እንደዚሁ የሚፈጽም መሆኑ መታየት ነበረበት፤ ይህም ለባለ ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ኢትዮጵያ በኒው ዮርክ በ1950 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ስለ ማወቅና ስለ ማስፈጸም የተደረገውን ስምምነት ከ62 ዓመት በኋላ በ2012 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጸንቶባታል። ከዚያ ወዲህ ለተደረጉ የንግድ ውሎች ሎንዶን የተፈረደው መርካቶ ድረስ ተከትሎ ይመጣል ማለት ነው። የሰሊጡ ውል ደግሞ ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የመርካቶው ነጋዴ ፍርሃት የሰነፍ ፍርሃት አልነበረም። (እንግሊዞችም የ1996 እ.ኤ.አ. የግልግል ሕጋቸውን በ2025 እ.ኤ.አ. አሻሽለው፤ ተዋዋዮቹ በግልጽ ሌላ ሕግ ካልመረጡ የግልግሉን ስምምነት የሚገዛው ግልግሉ የተቀመጠበት አገር ሕግ ነው ብለዋል። «ሎንዶን» የምትለዋ አንዲት ቃል ከኋላዋ ስንት ነገር እንደምትጐትት ፈራሚዎቻችን ቢያውቁት መልካም ነው።)

በመካከሉ አንድ የሚያሳዝን ነገር ተገኘ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በሽርክናው ላይ ተጨማሪ ግብር ወስኖ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ደብዳቤውን ለእኛ አቀረቡና «ይህንንም አብራችሁ ፍረዱልን» አሉን። ወይዘሮዋ ወዲያው የደብዳቤውን ቀን ተመለከቱ። አዋጁ ለግልግል የማይቀርቡ ነገሮችን ሲዘረዝር ፍቺን፤ ጉዲፈቻን፤ ውርስን፤ ወንጀልን፤ የመሬትን ጉዳይና ግብርን ይጨምራል። ግብር የመንግሥት ነገር ስለ ሆነ ሦስት ሰዎች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ይህ ልክ ነው፤ ይህ ልክ አይደለም ሊሉበት አይችሉም። (ፍቺን ሳነብ ደነገጥሁ፤ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በባልና ሚስት ጉዳይ ነውና። ወይዘሮዋ «ማስታረቅ አልተከለከሉም፤ መፍረድ ነው የተከለከለው» ብለው አጽናኑኝ።) የዚያን ጊዜው የ2008 ዓ.ም. የግብር አስተዳደር አዋጅ ቅሬታ ለማቅረብ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። ደብዳቤው በእነሱ እጅ ከገባ 34 ቀን ሆኖታል። አንዱ «አንተ ሂድ» ሲል፤ ሌላው «ሽማግሌዎቹ ይዩት» ሲል ጊዜው አልፏል። ቅሬታው በጊዜው ቀርቦ ውድቅ ቢሆን እንኳ፤ በአዋጁ መሠረት ክርክር ካለበት ግብር ግማሹን ከፍሎ ወደ ግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን መሄድ ይቻል ነበር። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ቆይተው በሩ ተዘጋባቸው። ያን ዕለት ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሄዱ። በሙግቱ ዘመን ሁሉ አንድ የሆኑት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ዋናው ክርክር ግን በአንዲት ቃል ላይ ቆመ። የመርካቶው ነጋዴ ቅናሹን ከመቀበሉ በፊት በቴሌግራም «90 ዶላር ካልቀነስን ዕቃው ወደብ ላይ ሊቀር ነው፤ ልቀበል ነው» ብሎ ለመተማው ሰው ጽፎለታል። የመተማውም ሰው «እሺ» ብሎ መልሷል። ሌላ ቃል የለም።

የመተማው ወዳጄ ቆሞ እንዲህ አለ፤ «እሺ ማለት ሰማሁህ ማለት ነው። እኔ ከአባቴ ጀምሮ እሺ ስል የኖርሁት ሰማሁ ለማለት ነው። ተስማማሁ አላልሁም።»

እኔ በልቤ እውነት አለው አልሁ። ስንቶቻችን ነን ስልክ ለመዝጋት ያህል እሺ የምንል! ወይዘሮዋም ወደዚሁ አዘነበሉ፤ ገንዘብ የሚያስቀር ስምምነት በአንዲት እሺ አይታሰብም አሉ። ላኪው ዳኛ ደግሞ በንግድ ሥራ እሺ እሺ ነው፤ ገዢው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ የቃል ትርጉም አይጠየቅም ሲል ተቃወመ። አንድ ለአንድ ሆኑና ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ለሦስት ቀን አልወሰንሁም። ለመመዘን የሚያስቸግር ነገር ሆኖ አይደለም፤ የመረጠኝ ሰው ስለ ሆነ ነው። ብሸመግል ኖሮ መካከሉን ቈርጬ ግማሹን አስከፍዬ እገላገል ነበር፤ ሁለቱም ቅር ይላቸዋል፤ ግን ከሁለቱም ጋራ ቡና እጠጣለሁ። እዚህ ግን ምክንያቴን በጽሑፍ አስፍሬ ስሜን ልፈርምበት ነው። 31 ዓመት በሒሳብ ያዥነት የኖርሁ ሰው ነኝና ልማዴን ተከትዬ ወረቀቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ገና አገላበጥኋቸው። ከእሺው ሁለት ቀን በኋላ የመተማው ወዳጄ የጻፈው ሌላ መልእክት ተገኘ። «ቅናሹ ወጥቶ የቀረው ብር መቼ ይገባል?» ይላል።

ሰምቶ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ለመወሰን አላስቸገረኝም፤ ለመፈረም ግን አስቸገረኝ። መልእክቱን ሳሳያቸው ወይዘሮዋም ሐሳባቸውን ለወጡ። በቅናሹ ጉዳይ የመተማው ወዳጄ ተረታ። በመጋዘኑ ኪራይ ግን ሦስታችንም ደረሰኝ ያልቀረበበት ገንዘብ ሊቀነስበት አይገባም ብለን 126,000ው ብር እንዲመለስለት አደረግን። የግብሩን ነገር አልነካነውም።

ውሳኔው ከተነበበ ከሳምንት በኋላ የመተማው ወዳጄ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም። «ሰበር ብሄድስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ነገር ላይ አገራችን ብዙ ተወዛውዛለች። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰበር ሰሚ ችሎት ተዋዋዮች «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ካሉ አንገባበትም ብሎ ከቆየ በኋላ፤ በ2003 ዓ.ም. በብሔራዊ የማዕድን ኮርፖሬሽንና በአንድ የቁፋሮ ኩባንያ ክርክር መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ እንገባለን አለ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የጂቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮንስታ ለተባለው ሥራ ተቋራጭ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል በ2008 ዓ.ም. በሄግ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት በኩል የተሰጠውን ውሳኔ ይኸው ችሎት ሻረው፤ በውጭ አገር ባሉ የሕግ ሰዎች ዘንድ ብዙ አነጋገረ። የ2013ቱ አዋጅ ነገሩን ለባለ ጉዳዮቹ ትቶታል፤ ተዋዋዮቹ በውላቸው ካላስቀሩት ለመሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሰበር መሄድ ይቻላል። የእነሱ ውል ደግሞ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ይህንን ሁሉ ነገርሁት። «ትችላለህ፤ መንገዱ ክፍት ነው» አልሁት።

«እኔ የጠየቅሁህ መንገዱን አይደለም» አለኝ። «አንተ ተሳስተሃል ወይ ብዬ ነው።»

«በሒሳቡ አልተሳሳትሁም» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ባለቤቴ ቡና ልታቀርብ ረከቦቱን ስትጠጋ አይቶ «ዛሬ እቸኩላለሁ» አላት። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና የመጋዘኑን ገንዘብ ሸሪኩ በሰኞ ዕለት እንዳስገባለት ነገረኝ። ሰበር አልሄደም። ባለፈው ፋሲካ ግን፤ በየዓመቱ ሳይልክ የማይቀረውን የመተማ ማር አልላከልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።