ከክብደት ሌላ ምን ይለካ?



ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። ሕክምናው አስቀድሞ የሚመለከተው መትረፉንና ክብደት መጨመሩን ነው። ተገቢ ነው፤ ልጅ አማና ነውና። የእኔም ልጅ በሰባት ወሯ ተወልዳለች። ካርዷ ላይ ክብደቷ በየቀጠሮው ተጽፏል። ወተት እንዳያንቃት ሌሊቱን ቁጭ ብላ የምታድረው እናቷ ግን ጥያቄዋ ሌላ ነበር፦ «ያለ ጭንቀት ትጠባ ይሆን? ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት፣ ትማርስ ይሆን?»

የእናት ጥያቄም ይለካል። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1978 ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አቅፎ የመንከባከብ ዘዴ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 በጥናት የተመዘገቡትን ሕፃናት ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ፈልገው አገኙዋቸው። የመረመሩት አካላቸውን ብቻ አይደለም፤ ጠባያቸውን፣ ትምህርታቸውንና የቤታቸውንም ሁኔታ ነው። በዚህ ዘዴ የታቀፉት ከሌሎቹ ይልቅ ከትምህርት የቀሩት ጥቂት ጊዜ፣ ቁጡነታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሚዛን ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልታወቀ ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁን ለክትትል ስትወስዱ አጠባቡን፣ እንቅልፉንና ጨዋታውን፣ የእናቱንም ድካም ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩ። በቤት የምታዩትን ሚዛኑ አያየውም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።