ቶርኖ ቤት የገባው ዲግሪዬ

ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። «ሥራ እስካገኝ» በሚል አባዬ ቶርኖ ቤት ቁጭ ብዬ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ደንበኛን «ነገ ይደርሳል» እያልኩ እሸኛለሁ። (ይህችን ሙያ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም፤ ግን ተክኜባታለሁ።) ጓደኞቼ ሲያገኙኝ «እሺ ጋዜጠኛዋ፣ ዛሬስ የብረት ዜና ምን አለ?» ይሉኛል። ስቄ አልፋቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን እውነትም የብረት ዜና ተገኘ። እነሆ።

ቤታችን ከሶማሌ ተራ ብዙም አይርቅም። አንድ አሮጌ ቶርኖ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ አባት አለን። አባዬ «ማሙሽ» የሚለው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅም አለ። ሥራ ሊለምድ ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ደንበኛ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ይዞ መጣ። ሰኞ ከእኛ የወሰደው አጭር የውሃ ፓምፕ ሻፍት ነው። «አንድ ቀን እንኳ በወጉ አልሠራም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታው እጅ ያቃጥላል» አለ። አባዬ ሻፍቱን ተቀበለና አገላበጠው። ከዚያ ማሙሽን አየው። በቃ፣ ፍርድ ተሰጠ።

«ቸኩን በመዶሻ መትተኸዋል፤ ወይ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተህ ከልክ በላይ አጥብቀኸዋል። የብረቱን ዋጋ ከደሞዝህ እቆርጣለሁ። ቅዳሜ ሂሳብህን ተቀብለህ ትሄዳለህ።»

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት አልነካሁትም» አለ ማሙሽ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እናቱና ሁለት ታናናሾቹ ገጠር ሆነው እሱ የሚልካትን ብር እንደሚጠብቁ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህ ላይ ለማታውቁት አንድ ነገር ላስረዳ። ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ በማይዞር ቢላ የሚልጥ ማሽን ነው። ድንቹ ሲዞር ቢላው ቆሞ ሲልጠው አስቡት። ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው ክብ ነገር ቸክ ይባላል፤ የእኛው ሦስት መንጋጋ አለው። ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ሳህን ተቀምጧል። በቁልፍ ሲዞር ሦስቱም መንጋጋዎች እኩል ወደ መሀል ይሰበሰባሉ። ሁሉም ደህና ከሆነ የብረቱ መሀልና የማሽኑ መሀል ይገጥማሉ። ካልገጠሙ ግን ብረቱ እየዞረ ይወዛወዛል። በአባዬ ቋንቋ «ቸኩ ይጨፍራል»።

ብረቱ አንዴ ከታሰረ ሳይፈታ ተልጦ ቢያልቅ ጭፈራው ብዙም አይጎዳም፤ ቢላው እየላጠ ያቃናዋል። ጉዱ የሚመጣው ተፈትቶ ሲገለበጥ ነው። ያ ሻፍት ደግሞ በሁለቱም ጫፉ ኩሽኔታ ይገባበታል። ማሙሽ አንዱን ጫፍ ልጦ፣ ገልብጦ ሌላውን ላጠ። ቸኩ ሲጨፍር ስለነበር ሁለቱ ጫፎች በአንድ መስመር ላይ አልዋሉም። በደቂቃ ወደ 2900 ጊዜ ለሚዞር ፓምፕ ይህ ቀልድ አይደለም።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስ። አባዬ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ማን?» የሚለው። እኛን ያስተማሩን ግን ስድስት ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት።

«አባዬ፣ ቸኩ መጨፈር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደረሰኝሽን ቁረጪ» አለኝ። (የፕሬስ ነፃነት በቤታችን ይህን ይመስላል።)

ጥያቄዋ ግን ሳትቆረቁረው አልቀረችም። ምሳ በልተን ስንመለስ ዳያል ኢንዲኬተሩን ከመሳቢያ አወጣ። የእጅ ሰዓት የምትመስል፣ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የምትቆጥር ዕቃ ናት። አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰባችሁ፣ መሣሪያዋ ምን ያህል ወሬኛ እንደሆነች ይገባችኋል።

አባዬ መጀመሪያ የተጠራጠረው ቸኩን አልነበረም፤ የሚለካበትን ዘንግ ነበር። (ምንጭህን አጣራ ማለት ይኼው አይደል?) ቀጥነቱ የታወቀ ዘንግ አስሮ ቸኩን በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። መንጋጋዎቹ አጠገብ መርፌዋ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 0.14 ሄደች። መቶ ሚሊ ሜትር ራቅ ሲል 0.27። ዘንጉ ከመሀል የሸሸው የዚህን ግማሽ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ነው። ከዚያ ዘንጉን ፈትቶ፣ በመንጋጋዎቹ መሀል ትንሽ አዙሮ መልሶ አሰረው። ከፍ ያለው ቦታ ዘንጉን ተከትሎ አልዞረም፤ ከቸኩ ጋር እዚያው ቀረ። ዘንጉ ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ መርፌዋን የቸኩ ፊት ጠርዝ ላይ አሳረፈ። 0.10 ወዲያና ወዲህ አለች። አባዬ ዝም አለ። እኔ እንኳ ገባኝ። መንጋጋ ከልክ በላይ ቢጠብቅ መንጋጋውንና ጠመዝማዛውን ያበላሻል እንጂ የቸኩን ፊት አያዘምም። ቸኩ ራሱ ተዛብቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ቸኩ ተፈታ። መርፌዋ የስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ ገባች። 0.01 እንኳ አልሞላችም። የማሽኑ ኩሽኔታዎችም ነፃ ወጡ። የቀረው ቸኩና ማሽኑ የሚገናኙበት ገጽ ብቻ ነው። አባዬ በጨርቅ ጠራረገው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ «ንጹህ ነው» አለ።

ማሙሽ በፍርሃት ጠጋ አለና ጣቱን አሳለፈበት። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አለ።»

ነበር። ከጥፍር የቀጠነች፣ ተጨፍልቃ ብረቱ ላይ የተለጠፈች የብረት ፍቅፋቂ። አባዬ በጥፍሩ ፈንቅሎ አነሳት። ከዚያም ሊያያት እጁን ከፊቱ አራቀ… አሁንም አራቀ… ክንዱ እስኪያልቅ።

እዚህ ላይ ልናዘዝላችሁ። «መቼ?» ብዬ ስጠይቀው መልሱን አውቀው ነበር። ቸኩ ለጽዳት የተፈታው ቅዳሜ ነው። ማሙሽ ያን ቀን ለቅሶ ሄዷል። ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ያሰረው አባዬ ነው፤ እኔም ከጠረጴዛዬ ሆኜ አይቻለሁ። ረቡዕ ጠዋት ልጁ ሲምል የዓይን ምስክር እዚያው ተቀምጣ ደረሰኝ ትቆርጥ ነበር። ለምን አልተናገርኩም? አባቴ ስለሆነ። ደንበኛ ፊት እንዳላዋርደው። አራት ዓመት ሙሉ ስለ እውነትና ስለ ድፍረት ፈተና ተፈትኜ ያመጣሁትን ውጤት ብታዩት ታደንቁኛላችሁ።

አባዬ ፍቅፋቂዋ የተወችውን ጠባሳ በጥሩ መሳያ ድንጋይ በስሱ አለሰለሰው፤ ገጹን ደግሞ ጠረገ። ብሎኖቹን አንዱን ብቻ ጥርቅም አድርጎ ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቀ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቃቸው። መርፌዋ ተመለሰች። አጠገቡ 0.05፣ ራቅ ሲል 0.07።

«ይቺ ደግሞ የማናት?» አልኩ።

«የእርጅና ናት» አለ። መንጋጋዎቹ በዘመን ብዛት ተበልተዋል። ቀለበት አስነክሶ በድንጋይ መፈግፈግ ያድሳቸዋል፤ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እስከዚያ ግን ተገልብጦ የሚላጥ ጥንቁቅ ሥራ ሲመጣ፣ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው የሚስተካከለውን ባለ አራቱን ቸክ ማሰር ነው። ሻፍቱም በእሱ እንደ አዲስ ተሠራ። ብረቱን አባዬ ከኪሱ ገዛ።

ይቅርታ አለው ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። የአባቶቻችንን ነገር ታውቁታላችሁ። እጁን እየታጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ማሙሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቸክ ሲታሰር በጣትህ ዳስሰው። እኔም ሳስር አንተ ትዳስሳለህ» አለ። አንደኛ ገጽ ላይ የከሰሱትን ሰው ውስጥ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል «እርምት» የሚሉ ጋዜጦች አሉ አይደል? እንደዚያ ነው። ማሙሽ ግን እርምቷን አነበባት። ሳምንቱን ሙሉ እያፏጨ ነው የሠራው።

የእኔ እርምት ግን ገና አልወጣም። ማታ ማሙሽን በር ላይ ይዤ፣ ቅዳሜ ዕለት አይቼ እንደነበር ነገርኩት። «አውቃለሁ እህቴ» አለኝ፤ «አንቺም ልጁ ነሽ።» ይህን ከሚለኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአባዬ ደግሞ «መነጽር» የሚለውን ቃል እስካሁን አላነሳሁበትም። ነገ እነግረዋለሁ። (ደንበኛ የምሸኝባትን «ነገ» ማለቴ አይደለም።)

ቸር ይግጠመን።