ማር ያበላሻል?

እኛ ዕጩ መምህራን ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን ሃያ ጊዜ እየጻፍን መሸምደድ ልማዳችን ነው። በማግስቱስ? ብን ብሎ ይጠፋል! አሁን ግን ሌላ ዘዴ ይዘናል። «ማር» በእንግሊዝኛ ማበላሸት ነው፤ ነጭ ነጠላ ላይ የፈሰሰ ማር እናስባለን፣ አለቀ። «አቤት» ደግሞ በወንጀል መተባበር ነው፤ ሌባ ሲጠራው «አቤት!» ብሎ የሚከተለውን ሰው በዓይነ ኅሊናችን እንሥላለን።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሪቻርድ አትኪንሰን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የሩሲያኛ ቃላትን በዚህ መንገድ ያጠኑ ተማሪዎች በፈለጉት መንገድ ካጠኑት የበለጠ አስታውሰዋል።

ሆኖም ዘዴው ትርጉም ያስይዛል እንጂ አጠቃቀም አያስተምርም። «ወጡ ተበላሸ» ለማለት «ማር» አይባልም፤ ቃሉ የሚውለው ውበትን ወይም በዓልን ለሚያጎድፍ ነገር ነው። ይህን ሳናጣራ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብንቆም፣ እኛ ያጣመምነውን ልጆቹ እንደተጣመመ ይዘውት ያድጋሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠብቃቸው።

ስለዚህ ቃሉን በዘዴ ከያዝን በኋላ መዝገበ ቃላት እንግለጥ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገርም እንሥራበት። እናንተስ ምን ዘዴ አላችሁ? ጻፉና እዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን!