እነሱን ማን ጠራ?

ጥቅምት 2013 ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነቱ ሲፈነዳ ዳላስ ያለን ሰዎች ባዶ እጃችንን አልነበርንም። ሴቶቻችን ነበሩን። ጋርላንድ ለቅሶ ሲደርሱ የሟቹን ብሔር የማይጠይቁ፣ የትግራይዋ ሐዘንተኛ የአማራዋን አንገት አቅፋ የምታለቅስባቸው፣ ድስቱን በየመኪናቸው ጭነው የሚመጡ ሴቶች። እኛ ወንዶቹ ስልክ መደዋወል ስናቆም ብዙዎቹ እቁባቸውን እንኳ አላቋረጡም።

ታዲያ ምን አደረግን? መግለጫ ጻፍን። ሰልፍ ጠራን። በየጎራችን ተሰለፍን። እነሱንም ጠራን፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያው ምግብ እንዲያዘጋጁልን! «እናንተ ተነጋገሩ፣ እኛ እንስማችሁ» ያለ ማን ነበር?

የማናውቀው ነገር ሆኖ ነው እንዳንል፣ አገራችን ሲንቄ አላት። የኦሮሞ እናት ሲንቄ በትሯን ይዛ ከመሀል ስትገባ የተፋለመው ይቆማል። እዚህ ባለንባት ከተማም ትምህርት ነበረልን። የዳላሷ ልጅ ስዋኒ ሀንት በኦስትሪያ የአሜሪካ አምባሳደር ሳሉ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የቦስኒያ ድርድር ቪየና በኤምባሲያቸው ተካሄደ። ሴት ተደራዳሪ አልነበረችም። እሳቸው ግን በዚያ አልቀሩም፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ካቃጠላቸው አገሮች ሴቶችን የሚያገናኝ ንቅናቄ ጀመሩ። እኛስ? ከጎረቤት እንኳ መማር አቃተን!

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰሜኑ ጦርነት ማቆሚያ ስምምነት ሲፈረም፣ ፕሪቶሪያ ላይ ብዕሩን የያዙት የፌዴራል መንግሥቱ ሬድዋን ሁሴንና የሕወሓቱ ጌታቸው ረዳ ነበሩ። የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር ይሳተፉ ብሎ ውሳኔ 1325ን ካሳለፈ 22 ዓመት ሞልቶት ነበር። ከሦስቱ አደራዳሪዎች አንዷ ሴት ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካዊቷ ፉምዚሌ ምላምቦ። የእኛዋስ? ጦርነቱ ገላዋ ላይ የተካሄደባት፣ ልጇን የቀበረች፣ የተሰደደች ሴት ከፈራሚዎቹ ጎን ብትቀመጥ ምን ይጎድልብን ነበር? ከዳላስ ተነስተን «ያለ እናቶች አትፈርሙ» ብለን ብንጮህ ማን ያፍነን ነበር? ለጥይቱ ጩኸት ጉሮሮ ነበረን። ለዚህ አልነበረንም።

ይህም አልበቃን። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ውጊያው ሲቀጣጠል ዕድሉ ዳግመኛ ደጃችን ቆመ። አዳራሽ ተከራየን። ወንበር ደረደርን። መድረኩ ላይ የወጣው ማን ነው? ያው ወንዱ። ሴቶቹ በኋላ በር እንጀራ ያስገባሉ። ወደፊት ኑ፣ ማይኩን ያዙ እንዳንላቸው የከለከለን ማን ነበር?