አጥንቱ ይጣራ!

እናንተዬ፣ ዘንድሮም አጥንት ይቆጠራል! ጓደኛዬ ናት፤ ስሟ ይቅር። ከልጁ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተዋል፣ ቀለበትም ተገዝቷል። ሽማግሌ ሲላክ አባቷ ደመወዙንም ጠባዩንም አልጠየቁም። «እስኪ አገሩ ሰው ልከን ዘሩን እናጣራ» አሉ። ተጣራ። ሴት አያቱ ጎጃም ገጠር ሸክላ ሠሪ ሆነው ተገኙ። በቃ! «ለቡዳ ልጄን?» ተባለ።

ባለፈው ጥር ሁለቱን አጅቤ እዚያው ገጠር ሄጄ ስለነበር የምለው ያየሁትን ነው። ገበያው ውስጥ ሸክላ ሻጮቹ ለብቻቸው ጥግ ይዘዋል። ገዢዋ ምጣዱን በጣቷ ቆርቆር እያደረገች ድምፁን ታዳምጣለች (የተሰነጠቀ ምጣድ ድምፁ ያሳብቅበታል)፣ ዋጋ ትከራከራለች፤ ያዘለችውን ሕፃን ፊት ግን በነጠላዋ ሸፍናለች። ዓይን እንዳይበላው መሆኑ ነው። ምጣዱን ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር ታሟሸውና እንጀራ ትጋግርበታለች። እንጀራው አይበላትም ማለት ነው? የባሏን ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭም ያው «ቡዳ» የሚሉት ጎረቤት ነው። አንድ አዛውንት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንጋባም እንጂ» ብለው ወሬ ቀየሩ።

አዋጅ ጠፍቶ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 34 ላይ በዘር ሳይለዩ መጋባትን መብት አድርጎታል። ጎጃምን ብቻ እንዳታሙ ደግሞ፤ ካፋ ውስጥም ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከማዕድም ከጋብቻም ተገልለው ኖረዋል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የገጠሩ ሳይሆን የሸገሩ ነው። እኚያ አባት እኮ ቡናቸውን ጠዋት ማታ በቀጨኔ ጀበና ነው የሚጠጡት! ማን ጠፍጥፎ እንደሠራው አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም።

«ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። እህቴ፣ 18 ዓመት ከሞላሽ ቆይቷል፤ በሕግ የአባትሽ ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ ክብር መዝገብ ሄዳችሁ መፈራረም ትችላላችሁ አልኳት። እሷ ግን አባቷ የሌሉበት ሰርግ አይታያትም። አልፈርድባትም። ለጊዜው አክስቷን አማላጅ ልካለች።

አያትየው ይህን ሁሉ አልሰሙም። ስንመለስ «ለሙሽራዬ» ብለው በእጃቸው የሠሩትን ጀበና ሰጥተዋት ነበር። ቤቷ ማስገባት ስላልቻለች እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ እስካሁን አልተሟሸም።